«ግብር ቀለለልህ» ሲሉት ጠመንጃውን ያወረደው ገበሬ

መንግሥት ሕዝቡን ሰብስቦ «ከእንግዲህ ግብርህ ቀለለ፤ የተወሳሰበው ተፍታታ፤ እንደ አቅምህ ብቻ ትከፍላለህ» ቢለው ሕዝቡ እልል ብሎ ይቀበላል ተብሎ ይጠበቃል። በጎጃም የሆነው ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1967፣ በእኛ አቆጣጠር በኅዳር 1960 ዓ.ም.፣ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት አሥራት የሚባለውን የቆየ ግብር ሽሮ በምትኩ የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አወጀ። አዋጁ በወረቀት ላይ ሲታይ ለድሃው የተሻለ ነበር። የጎጃም ገበሬ ግን ገማቾቹን ወደ አገሩ አላስገባም አለ፤ ሲገፉትም ጠመንጃውን ከተሰቀለበት አወረደ። ነገሩ ሄዶ ሄዶ የጦር ሠራዊትና የጦር አውሮፕላን እስኪዘምትበት ድረስ ከረረ።

ይህን ታሪክ የሚያወሩ ሰዎች ብዙውን ጊዜ በሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው ወገን «ገበሬው ያልተማረ ስለ ሆነ የሚጠቅመውን አልለየም» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «ጎጃሜ ድሮም ለማንም አይገብር» እያለ ይፎክርለታል። ሁለቱም ገበሬውን አላዳመጡትም። በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የምሞክረው፣ ገበሬው አዋጁን ከአያቱና ከአባቱ ከሰማው ጋር እያመሳከረ እንደ መዘነው ነው። በመጨረሻም አለማመን ራሱ ዋጋ እንደሚያስከፍልና ያንን ዋጋ ማን እንደ ከፈለ እናያለን። ዓመቶቹን እዚህ ሱዳን እንደ ለመድነው በአውሮፓ አቆጣጠር አስቀምጫለሁ።

አሥራት ራሱ ማቅለያ ነበር

በ1967 እንደ አሮጌ ሸክም የተሻረው አሥራት በተወለደበት ጊዜ ራሱ የማቅለያ አዋጅ ነበር። ከዚያ በፊት የንጉሥ ወታደር በየገበሬው ቤት ይሠፍር ነበር። የሠፈረ ወታደር የሚበላው ልክ የለውም፤ እህሉን ይጨርሳል፣ በጉን ያርዳል፣ ባለቤቱን በገዛ ቤቱ እንግዳ ያደርገዋል። አፄ ምኒልክ ይህን ለማስቀረት በ1892 ገበሬው ከምርቱ ከአሥር አንዱን እንዲሰጥ፣ ወታደሩም ከዚያ እንዲቀለብ አወጁ። ልክ ላልነበረው ነገር ልክ ተበጀለት ማለት ነው። አሳቡ መልካም ነበር።

ይሁን እንጂ አሥራቱ ሲጸና ሌላው ሁሉ አልቀረም። ገበሬው አሥራቱን ሰጥቶ ሲያበቃ ለሹሙ እጅ መንሻ፣ ለገዥው የጉልበት ሥራ፣ በመንደሩ ለሚያልፍ መኰንን መስተንግዶ ማቅረቡን ቀጠለ። አሥራቱን ሊገምት የመጣውም ሰው መብላትና መጠጣት ነበረበት። ብዙ ጊዜም አዝመራው ተከምሮ ገማቹን ሲጠብቅ ዝናብና ምስጥ ይቀድመው ነበር። ሕዝቡ ከዚህ የተማረው ትምህርት አጭር ነው፤ አዲሱ ግብር ሲገባ አሮጌው ከቤት አይወጣም።

አንዱ ግብር አራት ሆነ

ጣልያን ከወጣ በኋላ በ1942 አዲስ የመሬት ግብር አዋጅ ወጣ። መሬት ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ ተብሎ በሦስት ተመደበ፤ በጋሻ ለለሙ 15 ብር፣ ለለም ጠፉ 10 ብር፣ ለጠፉ 5 ብር ተቆረጠ። ይህን የመሰለ ቀላል ነገር የለም፤ ሕፃን ልጅ እንኳ በቃሉ ሊይዘው ይችላል። በ1944 ደግሞ በአሥራት ፈንታ የሚከፈል ገንዘብ ታከለበት፤ ለለሙ 35፣ ለለም ጠፉ 30፣ ለጠፉ 10 ብር። ስለዚህ 15 የነበረው 50፣ 10 የነበረው 40፣ 5 የነበረው 15 ሆነ። አዋጁ ሌላውን የጉልበትና የዓይነት መዋጮ ሁሉ የሚሽር ነበርና «ከዚህ በኋላ ሌላ የለም» የሚል ተስፋ አብሮ ተሰጠ።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1947፣ የትምህርት ግብር መጣ። በ1959 የጤና ግብር ተከተለ። እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ ምክንያት አለው፤ ትምህርትና ሕክምና የማይፈልግ ሕዝብ የለም። ነገር ግን የትምህርት ግብር ይከፍል የነበረው የገጠር ሰው ልጁን የሚልክበት ትምህርት ቤት በአብዛኛው የነበረው ከተማ ውስጥ ነው። የጤና ግብሩን ከፍሎ ሲያበቃ የታመመበትን ሰው በቃሬዛ ተሸክሞ የቀናት መንገድ ይሄድ ነበር። ደረሰኙ እጁ ላይ ነው፤ ደረሰኙ የሚመሰክርለት ነገር ግን በአካባቢው አይታይም።

በጢሰኛው ላይ የደረሰው ደግሞ የባሰ ነው። ባለመሬቱ ለመንግሥት በአሥራት ፈንታ የሚከፍለው ቁርጥ ገንዘብ ነበር፤ ከጢሰኞቹ የሚሰበስበው ግን ከምርታቸው ከአሥር አንዱን በዓይነት ነው። እህል በተወደደ ቁጥር በመካከል ያለው ልዩነት ይሰፋል፤ ልዩነቱም በባለመሬቱ ጎተራ ይቀራል። ስለዚህ በሕጉ ላይ «የመንግሥት ግብር» የተባለው ነገር ጢሰኛው ዘንድ ሲደርስ ሁለተኛ የመሬት ኪራይ ሆነ።

ጎጃም ቀላድን ለምን ፈራ?

ጎጃም፣ በጌምድርና ትግራይ ግን በዚህ አልተገዙም። የ1942ቱ አዋጅ ሲወጣ ጎጃም አልለካም፣ አልመደብም ብሎ ተቃወመ፤ መንግሥትም ገና ከጠላት እጅ የወጣ ድካማ መንግሥት ስለ ነበረ ለቀቀለት። እነዚህ ጠቅላይ ግዛቶች ከጣልያን ወረራ በፊት ይከፍሉት በነበረው በአሮጌው ግብር ልክ እንዲቀጥሉ ተደረገ።

የጎጃም ገበሬ የፈራው ገንዘቡን ብቻ አልነበረም። በጎጃም መሬት ርስት ነው። ርስት ከአቅኚው አባት ጀምሮ በዘር ቆጠራ የሚወርድ፣ ዘመድ ከዘመድ የሚካፈለው፣ ከሸንጎ ፊት ቀርቦ በአባት በእናት ስም የሚጠየቅ ነው። አንድ ገበሬ እዚህ አንድ ጥማድ፣ እዚያ ማዶ ግማሽ ጥማድ ይኖረዋል፤ የአንዱ ከአባቱ፣ የሌላው ከእናቱ፣ የሌላው ከሚስቱ ወገን የመጣ ነው። ይህን ሁሉ የሚያውቁት ሽማግሌዎች እንጂ መዝገብ አልነበረም።

ገበሬው በደቡቡ አገር በቀላድ ላይ የሆነውን ሰምቷል። መሬቱ በገመድ ከተለካ በኋላ «ትርፍ» የተባለው የመንግሥት ሆነ፤ ለወታደርና ለባለሟል ተሰጠ፤ ባለቤቱ በገዛ መሬቱ ላይ ጢሰኛ ሆኖ ቀረ። በባሌም ከ1963 ጀምሮ ለዓመታት ለቆየው ዓመፅ አንዱ ምክንያት መሬት እየተለካ ግብር መጫኑና ግብር ያልተከፈለበት መሬት መወሰዱ ነው። ስለዚህ የጎጃም ገበሬ ልኬት ሲባል መጨረሻውን ነው የሚያየው፤ ልኬት መዝገብን፣ መዝገብ ግብርን፣ ግብር ውዝፍን፣ ውዝፍ ርስት መነቀልን ያመጣል። ሰንሰለቱ ሐሰት ነው ሊለው የሚችል ሰው አልነበረም፤ በሌላው ሰው ላይ ሲፈጸም ታይቷልና።

የ1967ቱ አዋጅ መልኩ

አሁን አዋጁን በሚገባው ክብር እንመልከተው። አሥራትንና በአሥራት ፈንታ ይከፈል የነበረውን ገንዘብ ሽሯል። በምትኩ ግብሩ መሬቱ ላይ ሳይሆን ከመሬቱ በሚገኘው ገቢ ላይ አረፈ፤ ገቢው ከፍ ሲል የግብሩም መጠን ከፍ ይላል። ብዙ ያገኘ ብዙ፣ ጥቂት ያገኘ ጥቂት ይክፈል ማለት ነው። ከጢሰኞቹ ኪራይ የሚሰበስበው ባለመሬትም በኪራዩ ገቢ ላይ ግብር ይጠየቃል። ፓርላማው ውስጥ የመሬት ባለቤቶች ብዙ ስለ ነበሩ ረቂቁ ያለ ብርቱ ክርክር አላለፈም። ባለርስቱ ባላባት የጠላው አዋጅ ለድሃው ሙሉ በሙሉ ክፉ ሊሆን አይችልም።

ችግሩ ያለው ገቢውን ማወቁ ላይ ነው። የደመወዝተኛ ገቢ በወር መዝገብ ላይ ተጽፏል። የገበሬ ገቢ ግን የት ተጽፏል? ገበሬው ደብተር የለውም። ጤፉን ዘርቶ ይበላል፣ ለዘር ያስቀምጣል፣ ለማኅበር ይጠምቅበታል፣ ለብድር ይመልሳል፣ የተረፈውን ገበያ ያወጣል። የትኛው ነው ገቢ? እንግዲህ ሰው መጥቶ በዓይኑ አይቶ መገመት አለበት። ስምንት ዳውላ ያስገባውን ገበሬ ገማቹ «አሥራ ሁለት ነው» ቢለው ምስክሩ ማነው? ገማቹን ያበላና ያጠጣ፣ እጁንም ያረጠበ ሰው አሥራ ሁለቱ ዳውላ ስድስት ይሆንለታል፤ የሌለው ደግሞ የሌላውን ጭምር ይሸከማል። «እንደ አቅምህ» የሚለው ቃል ተግባር ላይ ሲውል «ገማቹ እንዳየህ» ሆነ።

በዚህ ላይ የመሬት ግብሩ፣ የትምህርቱና የጤናው ግብር እንዳሉ ቀጠሉ። የተሻረው አሥራት ብቻ ነው። በጢሰኛ አገርም ብዙ ባለመሬቶች አሥራቱ ከተሻረ በኋላ ከጢሰኞቻቸው መሰብሰባቸውን አልተዉም። ጢሰኛው አዋጁን ቢሰማም ባለመሬቱን «ይህ ተሽሯል» ብሎ ሊከራከረው አይችልም፤ በማግስቱ ከመሬቱ ሊነቀል ነውና።

ዓመፁ

በጊዜው የጎጃም ጠቅላይ ግዛት ገዥ ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቍሥላሴ ነበሩ። አስተዳደራቸው ከአዋጁ በፊትም ብዙ ቅሬታ ያስነሣ ነበር። ሕዝቡ በልዩ ልዩ መዋጮና በጦር መሣሪያ ምዝገባ ተማርሮ ነበር። መሣሪያ መመዝገብ ለጎጃም ሰው የመፈታት መጀመሪያ ይመስላል፤ መሣሪያውን ከተፈታ ደግሞ ርስቱን የሚጠብቅበት የለውም። ገማቾቹ በ1968 መጀመሪያ ላይ ወደየወረዳው ሲላኩ የመጡት በዚህ ስሜት መካከል ነው። ገበሬውም ያያቸው የአዲሱ ሕግ አስፈጻሚዎች አድርጎ ሳይሆን የዚያው የሚያውቀው ሹም ሰዎች አድርጎ ነው።

ተቃውሞው በተለይ በሞጣ፣ በቢቸናና በዳሞት በረታ። ገበሬዎቹ ገማቾቹን አላስገባም አሉ። ይህን ሲያደርጉ ግን ከመጀመሪያው ጥይት አልተኮሱም። ሽማግሌ መርጠው አዲስ አበባ ድረስ ልከው ለንጉሠ ነገሥቱ አቤት አሉ። «ግብር እንገብራለን፤ የአባቶቻችንን ግብር ከልክሎን አያውቅም፤ ርስታችንን የሚያስለካና የሚያስገምት ሹም ግን ይነሣልን» የሚል መንፈስ ያለው አቤቱታ ነበር። ዘውዱን አልካዱም፤ በዘውዱና በእነሱ መካከል የቆመውን ሰው ነው ያላመኑት። መልሱ ሲዘገይና ኃይል ሲመጣባቸው ግን ነገሩ ወደ ጦርነት ተለወጠ። ፖሊስ አልበቃ ብሎ ጦር ሠራዊት ገባ፤ አውሮፕላንም ቦምብ ጣለ። ቤት ተቃጠለ፣ ሰው ሞተ፣ ከብት አለቀ።

መንግሥት በመጨረሻ በጦር ያላገኘውን በይቅርታ ፈለገ። ገዥው ከጎጃም ተነሡ፤ ለዓመታት የተጠራቀመው ውዝፍ ግብር ተማረ፤ አዲሱ የገቢ ግብርም በጎጃም በተግባር ላይ ሳይውል ቀረ። ገበሬው አሸነፈ ማለት ይቻላል።

የአለማመን ዋጋ

ታሪክ እዚህ ላይ ቢያበቃ የጀግንነት ወሬ ብቻ በሆነ ነበር። ነገር ግን ማን ተጠቀመ ብለን እንጠይቅ። በአዋጁ የበለጠ ሊከፍል የነበረው ብዙ መሬት ያለው ባለጸጋና ባላባት ነው። ገበሬው በገማቹ ላይ ሲነሣ ባላባቱም አብሮ ተሸሸገ። አነስተኛ ማሳ ያለው፣ መሬት የሌለው ሸማኔና ቀጥቃጭ፣ በእኩል አራሽነት የሚኖረው ሰው ከአዲሱ ሥርዓት ሊያገኝ የሚችለውን ትንሽ ፍትሕም አላገኘም። ቤቱ የተቃጠለበት ግን እሱው ነው። መንግሥትም ከነገሩ የተማረው «ጎጃምን አትንካ» የሚለውን እንጂ «ገማቹንና ሹሙን አስተካክል» የሚለውን አይደለም።

ስድስት ዓመት ሳይሞላ መንግሥቱ ወደቀ። ደርግ በ1975 የገጠር መሬትን የሕዝብ አደረገ፤ ጢሰኝነት ቀረ፤ ይህ በእውነት ትልቅ ነገር ነበር። በ1976 ደግሞ የገጠር መሬት መጠቀሚያ ክፍያና የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር ታወጀ፤ የድሮው ውስብስብ ሁሉ ቀርቶ በገበሬ ማኅበሩ በኩል የሚከፈል ቀላል ነገር ተባለ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ከመካከላችን ብዙዎቹ ከወላጆቻቸው ሰምተውታል። የእናት አገር ጥሪ መዋጮ፣ የድርቅ መዋጮ፣ የስብሰባ መዋጮ ተከታተለ። የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ደግሞ ከገበያ ባነሰ ዋጋ የእህል ኮታ ይወስድ ነበር። ኮታው ግብር አይባልም፤ በመዝገቡም ላይ ግብር ተብሎ አልተጻፈም። ገበሬው ግን ቁናውን ሲሰፍር ልዩነቱን ያውቀዋል። ያላመነው ልጁ እንጂ አባቱ ብቻ እንዳልነበረ እዚህ ላይ እናያለን።

ከወንዙ ወዲህም

ይህ የሐበሻ ጠባይ ብቻ እንዳይመስለን የምንኖርበትን አገር ታሪክ ጥቂት እንይ። በ1820 እና በ1821 የግብፁ ገዥ የመሐመድ አሊ ጦር ሱዳንን ያዘ። በ1822 ልጁ ኢስማኤል ፓሻ ሸንዲ ላይ ሆኖ የጃዕሊኖቹን አለቃ መክ ኒምርን ሊከፈል የማይችል ግብር በአጭር ቀን አምጣ አለው። መክ ኒምር እሺ ብሎ ወጣና በዚያው ሌሊት ፓሻውን ካደረበት ቤት ጋር አቃጠለው። ለበቀል የዘመተው ሰው የማዕረግ ስሙ ደፍተርዳር ነበር፤ የሒሳብ መዝገብ ያዥ ማለት ነው። የእኛ «ደብተር» የሚለው ቃልም የዚያው ዘመድ ነው። መክ ኒምር ወዴት ሸሸ? ወደ እኛ አገር ጠረፍ ነው። ከሰዎቹ ጋር በኢትዮጵያ ድንበር ላይ ሠፍሮ ኖረ። እኛ ዛሬ በዚህ ወገን ስደተኛ ብንሆን፣ ከ2023ቱ ጦርነት በኋላም ብዙ ሱዳናውያን በመተማ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ቢሻገሩ፣ መንገዱ በሁለቱም በኩል የተረገጠ መንገድ ነው።

ቱርክ የሚሉት የዚያ አገዛዝ ግብርና የሰብሳቢዎቹ አለንጋ በ1881 ለተነሣው ለማህዲ ትልቅ ኃይል ሰጠው። ማህዲ የቱርክን ግብር ሽሮ በሃይማኖቱ የታዘዘው ዘካና አሥራት ብቻ ይበቃል አለ። በ1885 ካርቱም ስትያዝ ሕዝቡ የተከተለው ይህንንም ቃል ነው። በኸሊፋ አብዱላሂ ዘመን ግን ብዙ ጦር ሊቀለብ ስለ ነበረ በዘካው ላይ ሌላ ተደረበ። በ1898 የገባው የእንግሊዝ አስተዳደር ከዚህ የተማረው ነገር ቢኖር በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ግብርን ሆን ብሎ ዝቅተኛ ማድረግን ነው፤ ለርኅራኄ ሳይሆን ሌላ ማህዲ እንዳይነሣ ፈርቶ።

ከሁሉም ለዘመናችን የሚቀርበው የኒሜሪ ነው። ፕሬዚዳንት ጃዕፋር ኒሜሪ በ1984 የገቢ ግብርን ጨምሮ ብዙ ግብሮችን ሽረው በዘካ ተኩ፤ ሙስሊም ላልሆነው የማኅበራዊ ትብብር ግብር ተደረገለት። ከዚህ የበለጠ ማቅለል የለም። ነገር ግን የመንግሥት ገቢ አሽቆለቆለ፤ ዘመኑ ደግሞ የረኃብና የዕዳ ዘመን ነበር። ኒሜሪ በአፕሪል 1985 ከሥልጣን ከወረዱ በኋላ የተሻሩት ግብሮች ተመልሰው መጡ፤ ዘካውም አልቀረም። ነጋዴው በመጨረሻ ሁለቱንም ከፋይ ሆነ። የምኒልክ ዘመን ገበሬ ቢሰማው ኖሮ ነገሩ አዲስ ባልሆነበት ነበር።

ገማቹ ወደ ሱቅ ገባ

ወደ አገራችን እንመለስ። በ2016 አዲስ የፌዴራል የገቢ ግብር አዋጅ ወጣ፤ ቁጥሩ 979 ነው። ደመወዝተኛውን በእርግጥ አቀለለለት፤ ቀድሞ ከግብር ነፃ የነበረው የወር ደመወዝ 150 ብር ሲሆን ወደ 600 ብር ከፍ አለ። ለትንሹ ነጋዴም ነገሩ ቀላል ሆነ ተባለ። የዓመት ሽያጩ ከ500,000 ብር በታች የነበረው በዚያ አዋጅ ደረጃ «ሐ» ተብሎ የሒሳብ መዝገብ ሳይያዝ ቁርጥ ግብር ይከፍል ነበር። ደብተር አያስፈልግም ነበር፤ ግምት ይበቃ ነበር።

ግምት! በ2017 ክረምት መግቢያ ላይ የግብር ሠራተኞች በየሱቁ እየዞሩ የቀን ገቢ ግምት አወጡ። ሻይ የምትሸጥ ሴት፣ ፀጉር አስተካካይ፣ ባለ ትንሽ ኪዮስክ የተገመተላቸውን ቁጥር ሲሰሙ ደነገጡ። በጁላይ በአምቦ፣ በወሊሶና በሌሎችም ከተሞች ሱቆች ተዘጉ፤ አዲስ አበባም አቤቱታ በዛ። ባለሥልጣኖቹ «ይህ የቀን ሽያጭ ግምት ነው እንጂ ግብሩ አይደለም» እያሉ አስረዱ። እውነታቸውን ነው። ግን ሰሚ አላገኙም። ሰውዬው የሰማው ሽያጭና ትርፍ የሚባለውን ልዩነት ሳይሆን፣ የማያውቀው ሰው ጥቂት ደቂቃ ቆሞ ኑሮውን በቁጥር ሲናገር ነው። ገማቹ በሃምሳ ዓመት ውስጥ ከማሳው ተነሥቶ ሱቅ ደርሷል፤ ጥያቄው ግን ያው ነው፤ ስምንቱን ዳውላ አሥራ ሁለት ቢለው ምስክሩ ማነው?

በ600 ብሩም ላይ የደረሰውን ልብ እንበል። ሕጉ ሳይነካ ቢቆይም ኑሮ በተወደደ ቁጥር የነፃው ደመወዝ ዋጋ እየቀነሰ፣ ድሃው ሳይታወቀው ወደ ግብር ከፋይነት ገባ። በ2025 በተሻሻለው አዋጅ ነፃው ደመወዝ ወደ 2,000 ብር ከፍ ብሏል። ይህም ማቅለል ነው። ሆኖም በመካከል ባለፉት ዓመታት የተከፈለው ተከፍሏል።

ለእድር የማይነፍገው ሰው

እንግዲህ ይህ ሕዝብ መክፈል የማይወድ ሕዝብ ነውን? አይደለም። ገማቹን በጠመንጃ ያባረረው ያው ገበሬ ለሰንበቴውና ለማኅበሩ ተራው ሲደርስ ተበድሮም ቢሆን ይደግሳል። ከተማ ሲገባ የእድር ወርኃዊ ክፍያውን አያጓድልም። ስደት ሲወጣም መጀመሪያ ከሚያቋቁማቸው ነገሮች አንዱ እድር ነው። ወታደር ሳያስገድደው፣ እስር ቤት ሳይኖር ይከፍላል። ለምን ቢሉ፣ የሚከፍለው ልክ ለሁሉም የታወቀ ነው፤ ገንዘብ ያዡን ራሱ መርጦታል፣ ቢያጠፋም ያወርደዋል፤ ሒሳቡ በጉባኤ ይነበባል፤ ሰው ሲሞት ድንኳኑና ንፍሮው በዓይኑ ይታያል። ቅር ያለው ሰውም በጉባኤው ቆሞ ይናገራል እንጂ ርስቱን አይነጠቅም።

የ1967ቱ አዋጅ በወረቀት ከእድር ደንብ የተሻለ ተጽፎ ሊሆን ይችላል። የጎደለው ግን ይህ ነው። ማቅለል ማለት የግብሩን ስም ወይም ቁጥር መቀነስ ብቻ ከሆነ ሕዝቡ ብዙ ጊዜ አይቶታል። ስለዚህ ወደፊት «ግብር ቀለለልህ» የሚል አዋጅ ስንሰማ ወይ በጭፍን እንዳናጨበጭብ፣ ወይ እንደ ልማዳችን «ዝም በለው፣ ያው ነው» ብለን እንዳንተወው፣ ከዚህ ታሪክ ሦስት ጥያቄዎች ይዘን ብንቀር መልካም ነው። የሚገምተው ማነው፣ የሾመውስ ማነው? አዲሱ ሲገባ ከአሮጌው የትኛው በእርግጥ ይወጣል? ተበደልኩ ያለ ሰው መሬቱን ወይም ሱቁን ሳያጣ አቤት የሚልበት ቦታ የት ነው?

ሦስቱንም የሚመልስ አዋጅ ከመጣ ልናምነው ይገባል፤ አለማመናችን ያን ጊዜ የሚጠቅመው ባላባቱን ነውና። የማይመልስ ከሆነም ጠመንጃው ከመውረዱ በፊት በቃልና በጽሑፍ መጠየቅ አለበት። የሞጣና የቢቸና ሽማግሌዎች አዲስ አበባ ድረስ ተልከው የጠየቁት ይህንኑ ነበር፤ ያን ጊዜ መልስ አግኝተው ቢሆን ብዙ ቤት ባልተቃጠለ ነበር። ከመካከላችን ነገ አገሩ ገብቶ ገበሬ የሚሆን አለ፤ ነጋዴ የሚሆን አለ፤ ገማች ሆኖ ደብተር ይዞ በሰው ማሳ ዳር የሚቆምም አይጠፋም። ይህ ጽሑፍ ለሦስቱም ነው። ቸር ይግጠመን።